ዕቅዱ በደህና ቀን ይሠራል፤ ስሜት ሲነሳ ለምን ይፈርሳል?

ጎህ

ሰላም ለሁላችሁ። ባህሪያቸውን ለመለወጥ ለሚሞክሩ ሰዎች የሚሆን አጭር የሥልጠና ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ አንድ ክፍሉ ላይ እገዛችሁን እፈልጋለሁ። ተሳታፊዎቹ ምን መተው እንዳለባቸው አሳምረው ያውቃሉ። አንዱ ልጆቹ ላይ መጮህ፣ ሌላዋ ሥራን ዛሬ ነገ እያሉ ማሳደር፣ ሌላው በተጨነቀ ቁጥር ሲጋራ መለኮስ። ዕቅዳቸውንም ጽፈው ይዘዋል። ረጋ ባሉበት ቀን ዕቅዱ ይሠራል፤ ንዴት፣ ጭንቀት ወይም ሀፍረት ሲመጣ ግን ዕቅድ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ይሆናል።

ሦስት ነገር ቢብራራልኝ ደስ ይለኛል። ስሜትን ማስተዳደር ባህሪን የሚለውጠው በየትኛው መንገድ ነው? "ስሜትህን ዋጥ አድርገህ ሥራህን ሥራ" የሚለው ምክር የሚሳሳተው የት ላይ ነው? በተግባርስ ከምን ይጀመራል? መረጋጋት ጥሩ መሆኑን ሁሉም ሰምቶታል፤ የምፈልገው ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሊሠራው የሚችለውን ነው።

ልማድ ፈታሽ

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነውና።

መተው የተፈለገው ባህሪ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥራ ይሠራል፦ ደስ የማይል ስሜትን ቶሎ ያባርራል። ሪፖርት መጻፍ ያለባትን ሴት እንውሰድ። ፋይሉን ትከፍታለች። ገጹ ባዶ ነው። "ምን ብዬ ልጀምር? ቢነቀፍስ?" የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ደረቷ ጭምድድ ይላል፤ እጇ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ስልኩን ባነሳች በሰከንዶች ውስጥ ደረቷ ቀለል ይላታል። አእምሮዋ የሚማረው ያንን ቅለት ነው። የሪፖርቱ መዘግየት የሚያስከትለው ጣጣ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ እፎይታው ግን እዚያው በዚያው ይገኛል። በባህሪ ትምህርት ይህ አሉታዊ ማጠናከሪያ ይባላል። ቅጣት ማለት አይደለም፤ የሚያስጨንቅ ነገር ስለተወገደ ብቻ ድርጊቱ ሥር እየሰደደ ይሄዳል ማለት ነው። ጩኸቱም ሲጋራውም እንዲሁ ናቸው። ሲጮህ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሲያጨስ ጭንቀቱ ለጊዜው ይለቀዋል።

ለዚህ ነው ለዚያች ሴት አዲስ የሰዓት ሰሌዳ ማውጣት ብዙም የማይረዳት። ሲሮይስ እና ፒቺል እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ማስተላለፍን የገለጹት ለጊዜው ስሜትን መጠገኛ አድርገው እንጂ የሰዓት አጠቃቀም ጉድለት አድርገው አይደለም። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ቲስ፣ ብራትስላቭስኪ እና ባውማይስተር አንድ ልብ የሚያስብል ሙከራ አሳትመው ነበር። ስሜታቸው እንዲከፋ የተደረጉ ሰዎች ቅባት የበዛበት መክሰስ አብዝተው በሉ። ሆኖም የዋጡት ኪኒን ስሜታቸውን ለተወሰነ ጊዜ ባለበት እንደሚያቆየው የተነገራቸው ሰዎች እንዲያ አልበሉም። ቢበሉም ስሜታቸው እንደማይሻሻል አምነዋላ። ስለዚህ ቁጥጥሩ የላላው አቅም ስላነሳቸው ነው ማለት ያስቸግራል፤ ስሜታቸውን ለማከም ሲሉ ራሳቸው ለቅቀውት ነበር።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ሥራ ሰንሰለቱን መጻፍ ነው። ማርሻ ሊነሃን ባዘጋጀችው የሕክምና ዘዴ ውስጥ ይህ ዋና መሣሪያ ነው። አንድ የተወሰነ ክስተት ይመረጣል። "ሁልጊዜ እጮሃለሁ" ተብሎ አይጻፍም፤ "ማክሰኞ ማታ ጮህኩ" ይባላል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይደረደራል፦

— ቀድሞ ያዳከመኝ ነገር፦ አምስት ሰዓት ብቻ ነው የተኛሁት፤ ምሳ አልበላሁም።
— የቀሰቀሰው፦ ልጁ ሦስተኛ ጊዜ ስጠራው ዝም አለኝ።
— ሐሳብ፦ "ሆን ብሎ ነው፤ ንቆኛል።"
— ሰውነት፦ መንጋጋዬ ተቆለፈ፤ ፊቴ ጋለ።
— ስሜትና መጠኑ፦ ንዴት፣ 8 ከ10።
— ድርጊት፦ ጮህኩ።
— ወዲያው የተገኘው፦ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ለቀቀኝ።
— ቆይቶ የመጣው፦ ሀፍረት፤ መኝታ ቤት ገብቼ በር ዘጋሁ።

ሰዎች የሚዘሉት ሰባተኛውን መስመር ነው። እሱ ካልተጻፈ ምን መተካት እንዳለበት አይታወቅም። ደግሞ በዚያው ቀን ይጻፍ። ካደረ ሐሳቡና የሰውነት ምልክቱ ይረሳና "ተናደድኩ፣ ጮህኩ" ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ ምንም ማውጣት አይቻልም። አራት ወይም አምስት ክስተት ከተጻፈ በኋላ የሚደጋገመው ቀለበት ራሱ ይታያል።

አማካሪዋ

ልማድ ፈታሽ ያሉት ላይ ልጨምር። ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የመዋጡን ነገር፣ እኔ ልውሰደው።

ጄምስ ግሮስ ስሜትን የማስተዳደሪያ መንገዶችን በጊዜ ቅደም ተከተል አምስት ቦታ ይከፍላቸዋል፦ ወደ ሁኔታው ከመግባት በፊት መምረጥ፣ ሁኔታውን መለወጥ፣ ትኩረትን ማዞር፣ የነገሩን ትርጉም እንደገና ማየት፣ በመጨረሻም ስሜቱ ከተነሳ በኋላ ምላሹን ማስተካከል። መዋጥ ወይም ማፈን የምንለው አምስተኛው ላይ ነው። ስሜቱ ተነስቶ፣ ልብ እየመታ፣ ፊት ላይ እንዳይታይ መጫን ማለት ነው። ክዳኑን መጫን እሳቱን አያበርድም። ግሮስ እና ሌቨንሰን በ1990ዎቹ በሠሯቸው ሙከራዎች፣ ደስ የማይል ፊልም እያዩ ፊታቸው ላይ ምንም እንዳያሳዩ የታዘዙ ሰዎች መልካቸው ጸጥ ቢልም የሚሰማቸው ክፉ ስሜት አልቀነሰም፤ የሰውነታቸው ውጥረት እንዲያውም ጨመረ። ሪቻርድስ እና ግሮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የሚያፍኑ ሰዎች በዚያው ሰዓት የተነገራቸውን ነገር የማስታወስ አቅማቸው እንደሚቀንስ አሳዩ።

ይህንን ወደ ባህሪ እናምጣው። ስብሰባ ላይ ንዴቱን ውጦ የተቀመጠ ሰው ግማሽ አእምሮው ራሱን በመጠበቅ ተይዟል። የተባለውን በቅጡ አይሰማም፣ ያልሰማውን ነገር ይመልሳል፣ ሰውነቱም እንደተወጠረ ቤት ይገባል። ማታ ልጁ ላይ የሚፈነዳው የቀኑ ነው። በሰንሰለቱ ላይ "ቀስቃሽ" ተብሎ የተጻፈው የልጁ ዝምታ ይሆናል፤ ነገሩ ግን የጀመረው ከሰዓታት በፊት ነው። ስለዚህ የሰንሰለቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ "ዛሬ ምን ውጬ መጣሁ?" የሚል ጥያቄ ቢጨመር ጥሩ ነው።

እኔ የማምንበት ነገር ይህ ነው፦ ቀድሞ መግባት ርካሽ ነው፤ እየዘገየ ሲሄድ ይወደዳል። ለጩኸቱ ምሳሌ ከአምስቱ ሦስቱ ይበቃሉ።

ሁኔታውን መለወጥ፦ ከሥራ ገብቶ ወዲያው የቤት ሥራ ከመቆጣጠር በፊት 15 ደቂቃ ዕረፍትና የሚቀመስ ነገር። ከሌላ ክፍል ሆኖ መጣራት ቀርቶ ልጁ ያለበት ሄዶ፣ በቁመቱ ልክ ዝቅ ብሎ፣ አንዴ መናገር። "ሦስተኛ ጊዜ ስጠራው" የሚለው መስመር በዚህ ብቻ ከሰንሰለቱ ሊወጣ ይችላል።

ትርጉሙን እንደገና ማየት፦ "ንቆኛል" የሚለው ሐሳብ ነው 4 የነበረውን ንዴት ወደ 8 የሚያወጣው። ምትክ ሐሳቡ እውነት መሆን አለበት እንጂ የሚያጽናና ብቻ ከሆነ አይሠራም። "ልጄ መልአክ ነው" ቢል ራሱም አያምነውም። "ጨዋታ ላይ ያለ ልጅ ሲጠራ አይሰማም" ግን ሊያምነው የሚችለው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ቀድሞ፣ በረጋበት ሰዓት፣ በጽሑፍ ያዘጋጀው። ንዴቱ 8 ሲደርስ አዲስ ትርጉም መፈለግ አይቻልም፤ ያኔ የሚመጣው የተለማመዱት ብቻ ነው።

ትኩረት ማዞር ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል፤ በተለይ ስሜቱ በጣም ከፍ ሲል። የሁልጊዜ መልስ ሲሆን ግን ሽሽት ይሆናል። ሪፖርቱን ትቶ ስልክ ማየትም እኮ ትኩረት ማዞር ነው።

ስሜቱን በስሙ መጥራትም ይረዳል። ሊበርማን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት የስሜትን ስም መጥራት የአሚግዳላን፣ ማለትም እንደ ፍርሃት ላሉ ስሜቶች ፈጥኖ ምላሽ የሚሰጠውን የአንጎል ክፍል፣ ምላሽ ይቀንሳል። ነገር ግን "ደብሮኛል" አይበቃም። ፈርቼ ነው? ተከፍቼ? እልህ ይዞኝ? አፍሬ? የፈራና የተናደደ ሰው የሚያስፈልጋቸው የተለያየ ነው።

ጎህ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሰባተኛው መስመር ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል። አንድ ነገር ቀረኝ። ቀድሞ መግባቱ ሳይሳካ ቀርቶ ስሜቱ 8 ወይም 9 ላይ ቢያዝስ? ተሳታፊዎቹ ብዙ የሚጠይቁት ስለዚያች ቅጽበት ነው። ደግሞ ብዙዎቹ "ንዴትን ማውጣት ነው የሚሻለው፣ ትራስ ምታ" የሚል ምክር ሰምተው ይመጣሉ።

እርጋታ

ትራስ መምታቱን ይተዉት። ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ሙከራ፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የመቱት ሰዎች ጸጥ ብለው ከተቀመጡት ይልቅ የበለጠ ተናደው፣ ለመጉዳትም የበለጠ ተነሳስተው ተገኙ። እየመቱ ማሰላሰል ንዴትን ያለማምዳል።

8 ላይ ለተያዘ ሰው የመጀመሪያው ግብ መረጋጋት ሳይሆን ምንም የማይመለስ ነገር አለማድረግ ነው። አለመላክ፣ አለመምታት፣ ሥራ ለቅቄያለሁ አለማለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መልእክት ከሆነ የተጻፈው ይቀመጥ፣ የተቀባዩ ስም ግን ከላይ ይሰረዝ፤ ጣት ቢሳሳት እንኳ አይሄድም።

ቀጥሎ ሰውነት። ከ7 በላይ ላይ ክርክር አይሠራም፤ ከሐሳብ በፊት ትንፋሽ ይቀድማል። 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ሰዎች "በረጅሙ ተንፍስ" ሲባሉ በኃይልና በፍጥነት ይስባሉ፤ ያን ጊዜ ራስ ማዞርና ጣት መደንዘዝ ይመጣና ጭንቀቱ ይብሳል። አሳሳቡ በአፍንጫ፣ ለስላሳና መጠነኛ ይሁን፤ የሚረዝመው አወጣጡ ነው። ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት ንዴት ውስጥ ሆነው ነው። በደህናው ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ካልተለማመዱት በክፉው ሰዓት አይገኝም።

ትንፋሽ ካልበቃ ቀዝቃዛ ውሃ አለ፦ ትንፋሽን ይዞ ፊትን፣ በተለይ ዓይንና ጉንጭን፣ 30 ሰከንድ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር። የልብ ምትን ቶሎ ይቀንሳል። በረዶ መሆን የለበትም፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይውረድ። የልብ ሕመም ያለበት፣ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ምግብ በመተው ሕመም የተጎዳ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳያደርገው። ይህን ማስጠንቀቂያ ጽሑፉ ላይ በጉልህ ያስገቡልኝ።

ከጭቅጭቅ መውጣት ሲያስፈልግ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ የሚመለሱበትን ሰዓት ተናግሮ። "አሁን መናገር አልችልም፤ ሁለት ሰዓት ላይ እንነጋገራለን" ይባላል። ሰዓት ሳይናገሩ ውልቅ ማለት ለሌላው ሰው ኩርፊያ ነው፤ ተከትሎ ይመጣል፣ እንደገና ይነሳል። በ20 ደቂቃውም ውስጥ "እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ" እያሉ ጭቅጭቁን መድገም ካለ ሰውነት አይወርድም። መራመድ፣ ዕቃ ማጠብ፣ እጅን የሚያሠራ ነገር።

ለሲጋራው ደግሞ የተለየ ነው። አምሮት እንደ ንዴት አይባረርም፤ አለን ማርላት ያስተማረው እንዲታይ ነው። የት ነው የሚሰማው? ጉሮሮ ላይ? እጅ ላይ? ከ10 ስንት ነው? በየሁለት ደቂቃው ቁጥሩን መጻፍ። አምሮት ካልተመገበ ወደ ጫፍ ወጥቶ ይወርዳል፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ስለሚለኩስ መውረዱን አይቶት አያውቅም። የተጻፈው ቁጥር፣ 5፣ 7፣ 8፣ 8፣ 6፣ 4፣ ከየትኛውም ምክር በላይ ያሳምነዋል።

ሚዛን

አንድ ነገር እንዳይዘለል እሰጋለሁ። ሁሉም ስሜት መውረድ የለበትም። ፍርሃቱ እውነተኛ አደጋን የሚያመለክት ከሆነ፣ ለምሳሌ የሚደበድባት ሰው ጋር የምትኖር ሴት፣ ትንፋሽ ማስተማር በደል ነው፤ መጀመሪያ ደኅንነት። ንዴቱም መብት ሲረገጥ የመጣ ከሆነ ሥራው ንዴቱን ማጥፋት አይደለም፤ ሳይሳደቡ አቤቱታን ማቅረብ ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም ዘዴ በፊት ሁለት ጥያቄ ይቅደም፦ ስሜቱ ከሆነው ነገር ጋር ይመጣጠናል? ስሜቱ አድርግ የሚለኝን ባደርግ ይጠቅመኛል? ሁለቱም መልስ አዎ ከሆነ ተከተለው። ስሜቱ ከእውነታው ጋር ካልተመጣጠነ ወይም የሚገፋፋው ነገር ከጎዳ ተቃራኒውን ድርጊት አድርግ። ፍርሃት ሽሽ ይላል፣ ሐዘን ተኛ ይላል፣ ሀፍረት ተደበቅ ይላል። ተቃራኒው ቀስ ብሎ መቅረብ፣ ተነስቶ መንቀሳቀስ፣ ለሚያምኑት ሰው መናገር ነው። ግማሽ ማድረግ አይሠራም። ስብሰባ ገብቶ ከኋላ ተቀምጦ ስልክ እያዩ መውጣት እንደ መሸሽ ነው የሚቆጠረው፤ ፍርሃቱ ሳይነካ ይመለሳል።

ለሪፖርቷ ሴት የምመክረውም ይኸው ነው። ጭንቀቱ እስኪያልፍ አትጠብቅ። ጭንቀቱ 6 ሆኖ 10 ደቂቃ ትጻፍ፣ መጥፎ አድርጋ ትጻፍ፣ ከዚያ እንደገና ቁጥሩን ትስጥ። ሥራ ከስሜት በኋላ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ልማድ ፈታሽ

ሚዛን ያሉት ትክክል ነው፤ አንዳንዱ ሰው ራሱን ማረጋጋትንም መሸሺያ ያደርገዋል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ትንፋሽ የሚለማመድ ሰው ካለ ትንፋሹ የስልኩን ቦታ ወስዷል ማለት ነው።

ዕቅዱን ስለ መጻፍ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። "ከእንግዲህ አልጮህም" የሚል ዕቅድ በስሜት ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም። ጎልዊትዘር ያጠናው አጻጻፍ "እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ" የሚል ነው። እሱና ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ይህ አጻጻፍ ግብን በማሳካት ረገድ መካከለኛና ከዚያ ከፍ ያለ ውጤት ነበረው። ለስሜት ሲሆን "ሲሆን" የሚለው ክፍል ከሰንሰለቱ ላይ ይወሰድ፤ በተለይ ከሰውነት መስመር። "ስናደድ" ዘግይቷል። "መንጋጋዬ ሲቆለፍ፣ ምላሴን ላንቃዬ ላይ አሳርፌ ሁለት ጊዜ በረጅሙ አወጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ልጁ እሄዳለሁ" ይሻላል። ድርጊቱ አዎንታዊ ይሁን፤ "አልጮህም" ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ለአንድ ባህሪ አንድ ዕቅድ፣ ቢበዛ ሁለት። አምስት የጻፈ ሰው አንዱንም አያስታውሰውም።

ከዚያ መድገም ነው። ላሊ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት አዲስ ዕለታዊ ድርጊት ሳያስቡት ወደሚሠሩት ልማድ ለመቅረብ የወሰደው ጊዜ መሃለኛው 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ያ ጥናት ስለ ምግብ፣ መጠጥና እንቅስቃሴ ነው፤ በስሜት ግፊት ሥር የሚሠራ ነገር ከዚያ ያጥራል ብዬ አልጠብቅም። ከዚሁ ጥናት የሚጠቅመው ሌላው ነገር፣ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መያዝ ብዙም አለመጉዳቱ ነው።

የሚጎዳው ከመዝለሉ በኋላ የሚመጣው ሀፍረት ነው። አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው "አበቃ፣ ድሮም አይሆንልኝም" ይላል፤ ያንን ስሜት ለማባረር ሁለተኛውን ይለኩሳል። ማርላት ይህንን ለብቻው ስም ሰጥቶ ያጠናው ሙሉ ማገርሸት የሚመጣው በዚህ በር ስለሆነ ነው። ዎል፣ ፒቺል እና ቤኔት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጠኗቸው ተማሪዎችም ለመጀመሪያው ፈተና ጥናት በማስተላለፋቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለቀጣዩ ፈተና ማስተላለፋቸው ቀነሰ። ስለዚህ ለተሳታፊዎቹ የመጀመሪያው ቀን ላይ የውድቀት ዕቅድ ያስጽፏቸው፦ "ካጨስኩ፣ የቀረውን ፓኮ ውሃ ውስጥ እከታለሁ፣ ሰንሰለቱን እጽፋለሁ፣ ቀጣዩን አላጨስም።" ለሚጮኸው ደግሞ "ከጮህኩ፣ በር አልዘጋም፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተመልሼ 'ድምፄን ከፍ ማድረጌ ትክክል አልነበረም፤ ጥያቄዬ ግን ያው ነው' እላለሁ።"

መሻሻልን በጩኸት ብዛት ብቻ አይለኩት። መጀመሪያ የሚለወጠው ስሜቱ ሲነሳ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። በፊት 8 ላይ ሲደርስ ብቻ ያውቅ የነበረ ሰው 5 ላይ ማወቅ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ወደ ዜሮ የሚመለስበት ጊዜ ያጥራል፤ የጩኸቱ ብዛት የሚቀንሰው ከእነዚህ በኋላ ነው። ሦስቱም በአንድ ሠንጠረዥ ቢያዙ፣ በሁለተኛው ሳምንት "ምንም አልተለወጠም" ብሎ የሚተው ሰው ይቀንሳል።

አማካሪዋ

አንድ ጭማሪ ለጎህ፦ ጽሑፉ ላይ ወደ ባለሙያ የሚላኩበትን መስመር ያስገቡ። ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት የሚያስብ፣ ስሜቱ ካለፈ አሰቃቂ ነገር ጋር ተያይዞ በድንገት የሚመለስበት፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ድብርት የተጫነው ሰው በሰንሰለት ወረቀት ብቻ አይያዝም። መጠጥ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣም በድንገት ማቆም ለሕይወት ሊያሰጋው ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ለተቀሩት፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ ለአንድ ሰንሰለት ይስጡት፤ ዘዴዎቹን ሁለተኛው ላይ ይጀምሩ። ቀድመው ዘዴ የተሰጣቸው ሰዎች የራሳቸውን ቀለበት ሳያውቁት ሁሉንም ነገር በትንፋሽ ሊፈቱ ይሞክራሉ።